9 አመት የሰራሁበትን ኤክሴል የሚያሳይልኝ ወረቀት የለኝም፣ የጀማሪ ሶፍትዌር ሰርተፍኬት ማነው ሚወስደው? የትኛውን ልያዝ?

ንብረት_ክፍል፦

ሰላም ለሁላችሁም። ምክር ፈልጌ ነው፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ። 34 አመቴ ነው። ላለፉት 9 አመታት በአንድ ድርጅት ንብረት ክፍል ውስጥ ነው የምሰራው፣ ገቢና ወጪ እመዘግባለሁ፣ በየወሩ መጨረሻ ሪፖርት አወጣለሁ፣ ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ ሁሉም በኤክሴልና በወርድ ነው። ኮምፒውተር ቁጭ አድርጎ ያስተማረኝ ሰው የለም፣ ከኔ በፊት የነበረችው ልጅ ሁለት ቀን አሳይታኝ ሄደች ከዛ በኋላ እየነካካሁ ነው የለመድኩት።

አሁን እዛው መስሪያ ቤት ውስጥ የተሻለ ቦታ ወጣ። የመረጃ ሰራተኛ ይላል። ስራውን አየሁት፣ ግማሹን አሁንም እየሰራሁት ነው። መስፈርቱ ላይ ግን መሰረታዊ የኮምፒውተር ሶፍትዌር ሰርተፍኬት ያለው/ያላት የሚል መስመር አለ። 9 አመት ሙሉ በየቀኑ የምሰራበትን ነገር እችላለሁ ብዬ የማሳይበት አንዲት ወረቀት እንኳን የለኝም። እውነት ለመናገር በጣም ነው የከፋኝ።

ስፈልግ ደሞ አይነቱ በዛብኝ። አይሲዲኤል የሚባል አለ፣ ማይክሮሶፍት ኦፊስ ስፔሻሊስት አለ፣ ኮምፕቲያ አለ፣ ፓይተን አለ፣ ሶፍትዌር ቴስቲንግ አለ፣ ኮሌጅ ገብተሽ በአመት ምናምን የምትጨርሺው አለ፣ ኦንላይን በነጻ የሚሰጥም አለ። ሁሉም ለጀማሪ ነው ይላል። ግን የምን ጀማሪ? እነዚህን ነገሮች በትክክል ማነው ሚወስዳቸው? አንድ ማሰልጠኛ ልመዝገብ ሄጄ ተሰልፈው የነበሩት ሁሉ የ18 የ19 አመት ልጆች ናቸው፣ አፍሬ ሳልመዘገብ ተመለስኩ። እንግሊዝኛ ደሞ አነባለሁ ግን ቀስ ብዬ ነው፣ ሰአት ያለው ፈተና ያስፈራኛል። ማመልከቻው ሊዘጋ 7 ሳምንት ቀርቶታል። ያለፋችሁበት ሰዎች እባካችሁ ንገሩኝ።

ሴል_በሴል፦

እህቴ አንቺን ሳነብ ራሴን ነው ያየሁት። እኔም 7 አመት ሙሉ የቢሮ ጸሀፊ ሆኜ ሰርቼ ነው ማይክሮሶፍት ኦፊስ ስፔሻሊስት የኤክሴሉን የወሰድኩት፣ ሰዉ ሞስ ነው ሚለው ባጭሩ። ስለዛ ብቻ ነው በርግጠኝነት መናገር የምችለው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርሽ። ስጀምር ይሄማ ለኔ ምን አላት ብዬ ነው የገባሁት። ልምምድ ፈተናውን ስሰራ ከ1000 ያመጣሁት 480 ነበር። ማለፊያው 700 ነው። ያን ቀን ኮምፒውተሩን ዘግቼ ብዙ ሰአት ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። በኋላ ሲገባኝ ግን ችግሩ ሌላ ነው፣ እኔ ኤክሴልን ሳይሆን የራሴን ጓዳ ነው ማውቀው። በየቀኑ የምነካቸውን ሰባት ስምንት ነገሮች አይኔን ጨፍኜ እሰራለሁ፣ ከዛ ውጪ ያለውን ግን አንድም ቀን ከፍቼ አይቼው አላውቅም። ዳታ የሚለውን ሜኑ ለምሳሌ ከሶርት (በቅደም ተከተል መደርደሪያው) በቀር ምኑንም አላውቅም ነበር። በስራ የለመዱ ሰዎች ሁሉ እንደዚህ ይመስሉኛል፣ አንድ ቦታ ላይ በጣም ጎበዝ ነን ከጎኑ ያለው ደሞ ባዶ ነው።

ፈተናው ምርጫ አይደለም። 50 ደቂቃ ነው፣ ኤክሴል ራሱ ይከፈትልሻል፣ ትናንሽ ፕሮጀክቶች ይሰጡሻል፣ ከስር ትእዛዝ ይጻፍልሻል አንቺ እዛው ፋይሉ ላይ ትሰሪዋለሽ። ይሄ ለእንደኛ አይነት ሰው ጥሩ ነው ምክንያቱም ረጅም ንባብ የለም እጅሽ ነው የሚፈተነው። ይዘቱ አምስት ክፍል አለው፣ ሺቱንና ፋይሉን ማስተዳደር፣ ሴልና ሬንጅ (ሬንጅ ማለት የተያያዙ ሴሎች ስብስብ ነው)፣ ቴብል፣ ፎርሙላ፣ ቻርት። በመጀመሪያው ደረጃ ፒቮት ቴብል (ብዙ መረጃ ጠቅልሎ የሚያሳየው) እና ቪሉክአፕ (ከሌላ ዝርዝር ፈልጎ የሚያመጣው) አይጠየቅም፣ እነሱ ኤክስፐርት የሚባለው ላይ ነው ያሉት። እኔ ይሄን ሳላውቅ ሶስት ሳምንት ፒቮት ላይ ጨርሻለሁ፣ አንቺ እንዳትደግሚው።

የጣለኝ ምን መሰለሽ፣ ሴልን ማሰር። ፎርሙላ ጽፈሽ ወደታች ስትጎትቺው የጠቀስሻት ሴል አብራሽ ትወርዳለች አይደል፣ የዶላር ምልክት ከፊደሏም ከቁጥሯም ፊት ካደረግሽላት ግን ባለችበት ትቀራለች። ይሄን ባለማወቄ 7 አመት ሙሉ አንዷን የፐርሰንት ቁጥር በየረድፉ እየደጋገምኩ ስጽፍ ነው የኖርኩት። ከዛ ደሞ ሌፍት ራይት ሚድ የሚባሉት፣ ከኮድ ውስጥ ፊደል ቆርጦ ማውጫ ናቸው፣ አንቺ ንብረት ክፍል ስለሆንሽ የእቃ ኮድሽ የመጀመሪያ ሶስት ፊደል ክፍሉን የሚያሳይ ከሆነ ለራስሽ ስራም ይሆንሻል። ካውንትብላንክ ባዶ ሴል ይቆጥራል። ቴክስትጆይን የተለያዩ ሴሎችን ጽሁፍ አንድ ላይ ያገጣጥማል። ርዕስ ያለውን ረድፍ ማሰር፣ ፕሪንት የሚደረገውን ቦታ መወሰን፣ ለሬንጅ ስም መስጠት፣ ጽሁፍ ፋይል አምጥቶ ማስገባት፣ እነዚህን ሁሉ ይጠይቃል።

ብትወድቂ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ከ24 ሰአት በኋላ መድገም ይቻላል። እና ስትመዘገቢ የቱ ቨርዥን እንደሆነ እይ፣ የ2019ኙ ፈተናና የ365ቱ የተለያዩ ናቸው፣ በያዝሽው ቨርዥን ተለማመጂ።

ስለ እድሜው፣ እኔ ስፈተን አዳራሹ ውስጥ ከኔ በእድሜ የሚበልጡ ሁለት ሴቶች ነበሩ። አንዷ ሂሳብ ሰራተኛ ናት፣ ሌላዋ ልጆች አሳድጋ ወደ ስራ ልትመለስ የነበረች ናት። ማሰልጠኛ በር ላይ የተሰለፈው ሌላ ፈተና ክፍል ውስጥ ያለው ሌላ።

ሲቪ_አንባቢ፦

ሰራተኛ በመቅጠር በኩል ስላለሁ ከዛ አንጻር ልጨምር።

እህት፣ ከምንም በፊት የመስፈርቱን ቃል ሄደሽ ጠይቂ። ሰርተፍኬት ሲሉ ሰዎች ሶስት የተለያየ ነገር ነው የሚያስቡት እና ይሄ ነገር ብዙ ሰው አስለቅሷል። አንዱ ኮርስ ተከታትለሽ መጨረስሽን ብቻ የሚናገር ወረቀት ነው፣ ኦንላይን ቪዲዮ አይተሽ ጥያቄ መልሰሽ የሚሰጥሽ። ሁለተኛው ራሱን የቻለ ፈተና ተፈትነሽ አልፈሽ የምታገኚው ነው፣ የት ተማርሽ ብሎ ማንም አይጠይቅሽም፣ ቤትሽ ብትማሪም አልፈሻል ነው። ሶስተኛው የኮሌጅ ነው፣ ክሬዲት አለው፣ አንድ አመት ወይ ከዛ ያነሰ ይፈጃል፣ አንዳንዱ ወደ ዲፕሎማ ሲቀጠል ይቆጠርልሻል አንዳንዱ አይቆጠርም። ይሄን ሳትጠይቂ ከተመዘገብሽ ጊዜሽን ሰጥተሽ የማይፈልጉትን ወረቀት ይዘሽ ትሄጂያለሽ። ባንቺ 7 ሳምንት ደሞ የኮሌጁ አይታሰብም።

ማነው ሚወስደው ላልሽው እኔ ጋ የሚመጡትን ልንገርሽ። ተማሪዎች አሉ፣ ዲግሪያቸው ላይ ልምድ የሚል ቦታ ባዶ ስለሆነ የሚሞሉበት። ሞያ የሚቀይሩ አሉ፣ አስተማሪ የነበረ፣ ነርስ የነበረች፣ ሽያጭ ላይ የነበረ። ልጅ ወልደው አመታት ቤት ቆይተው የሚመለሱ አሉ፣ እነሱን አሁንም ይሰራሉ ወይ የሚለውን ጥርጣሬ ወረቀቱ ያጠፋላቸዋል። እና እንዳንቺ አይነቱ አለ፣ ስራውን ሲሰራው የኖረ ማስረጃ ግን የሌለው። እኔ በግሌ ሰርተፍኬቱ ከሁሉም በላይ የሚሰራው ለዚህኛው ሰው ነው ብዬ አምናለሁ። ጀማሪው ልጅ ወረቀቱን ይዞ ሲመጣ ቀጥሎ ማሰለጥነው እኔ ነኝ። ስራውን የሚያውቀው ሰው ወረቀቱን ሲይዝ ግን ያን እለት ስራ ይጀምራል።

ኮምፕቲያን ጠቅሰሻል፣ እዛ ውስጥ ለፍጹም ጀማሪ የሚሆነው ድሮ አይቲ ፋንዳሜንታልስ ይባል የነበረው ነው አሁን ቴክ ፕላስ ብለውታል፣ ስለ ሃርድዌር ስለ ሶፍትዌር ስለ ዳታቤዝ ስለ ሴኩሪቲ ከየነገሩ ትንሽ ትንሽ የሚነካ ነው፣ ወደ አይቲ ልግባ አልግባ ለሚል ሰው ጥሩ ነው። ኤ ፕላስ የሚባለው ደሞ ኮምፒውተር ለሚጠግን ለሚያስተካክል ሰው ነው፣ ሁለት ፈተና አለው፣ 3 አመት ላይ ጊዜው ያልፋል። ላንቺ ሁለቱም አይደሉም።

ሌላ መጠንቀቅ ያለብሽ፣ የምትመርጪው ፈተና አሁንም እየተሰጠ መሆኑን አረጋግጪ። ማይክሮሶፍት ቴክኖሎጂ አሶሺየት የሚባል የጀማሪ ፈተና ነበራቸው ሰኔ 30 ቀን 2022 እንደ ፈረንጆቹ ዘግተውታል፣ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ግን በሱ ስም እናሰለጥናለን የሚሉ ማስታወቂያዎች አይቻለሁ። እና የፈተና ጥያቄ ከነመልሱ እንሸጣለን ሚሉትን አትንኪያቸው፣ ከታወቀ ያገኘሽውን ሰርተፍኬት ይሰርዙብሻል። እኔም ኢንተርቪው ላይ ላፕቶፕ ሰጥቼ አንድ ፋይል አስተካክል ስለምል የሸመደደ ሰው ሁለት ደቂቃ አይቆይም።

ሉፕ_ውስጥ፦

እኔ ትንሽ የተለየ ሀሳብ አለኝ ቅር አይበልሽ። 22 አመቴ ነው፣ ፒሲኢፒ የሚባለውን ነው የወሰድኩት የፓይተን ኢንስቲትዩት የመግቢያ ደረጃ ፈተና፣ ፓይተን ኮድ የሚጻፍበት ቋንቋ ነው። 30 ጥያቄ ነው 40 ደቂቃ ማለፊያው 70 ፐርሰንት፣ ጊዜው አያልፍም አንዴ ከያዝሽው ይዘሽዋል። መማሪያውም የሲስኮ ኔትወርኪንግ አካዳሚ ላይ ፓይተን ኢሴንሻልስ 1 የሚል በነጻ አለ፣ ለዚህ ፈተና ተብሎ የተዘጋጀ ነው፣ እኔ ከሱ ውጪ ምንም አላጠናሁም ማለት ይቻላል።

ሀሳቤ ምንድነው፣ ኤክሴል ላይ ሰርተፍኬት ብትይዢ አሁን ያለሽበት ወንበር ላይ ነው የሚያስቀጥልሽ። ኮድ ብትማሪ ግን ያን የወር ሪፖርት አንዴ ጽፈሽ በየወሩ ራሱ እንዲሰራ ታደርጊዋለሽ። እኔ ጓደኛዬ ሱቅ ውስጥ የእቃ ዝርዝር ከሶስት ፋይል እያመጣ ሲያመሳክር ሙሉ ቀን ይፈጅበት የነበረውን በ40 መስመር ፓይተን ጽፌለት አሁን ቁጭ ብሎ ነው ሚያየው። ፈተናው ደሞ እንደሚፈራው አይደለም፣ አጭር ኮድ ይሰጥሽና ይሄ ምን ያወጣል ይልሻል፣ ቫሪያብል፣ ኢፍ፣ ሉፕ፣ ሊስት፣ ዲክሽነሪ፣ ፈንክሽን፣ ስህተት አያያዝ፣ ይሄው ነው። እንግሊዝኛው ትንሽ ነው ኮዱ ነው የሚበዛው።

ማነው ሚወስደው ላልሽው እኔ ስማር አብረውኝ የነበሩት ግማሾቹ የኮምፒውተር ተማሪዎች አልነበሩም፣ ባዮሎጂ የሚማር ነበር አካውንቲንግ የጨረሰች ነበረች። ወረቀት ባትፈልጊም ለእውቀት ከሆነ የሃርቫርዱ ሲኤስ50 የሚባል የኮምፒውተር ሳይንስ መግቢያ ኮርስ በነጻ አለ፣ ፍሪኮድካምፕ የሚባል ኮድ የሚያስተምር ዌብሳይትም አለ።

ሴል_በሴል፦

@ሉፕ_ውስጥ ወንድሜ ያልከው ሁሉ እውነት ነው ግን የሰዉን ጥያቄ አየኸው? 7 ሳምንት አላት፣ መስፈርቱ ላይ የተጻፈ ነገር አለ፣ ከስራ በኋላ ማታ ማታ ነው የምታጠናው። ፓይተንን ከዜሮ ጀምራ በ7 ሳምንት ብታልፍ እንኳን ቀጣሪው ወርድና ኤክሴል ነበር የፈለግነው ቢላትስ? መጀመሪያ በእጇ ያለውን ወረቀት ታድርገው፣ ከዛ ቦታውን ይዛ ትማረው። እኔ እልህ ይዞኝ መጀመሪያ ኮዲንግ ጀምሬ መሀል ላይ አቁሜ ነው ወደ ኤክሴሉ የተመለስኩት፣ አመት ነው የሄደብኝ።

ሉፕ_ውስጥ፦

እሺ ልክ ነሽ ሰአቱን አላሰብኩትም። ከዛ በኋላ ግን አትተይው እህቴ፣ የምር ነው የምልሽ። የኤክሴል ፎርሙላ የገባው ሰው ፓይተን ሲጀምር ኢፍ ምን እንደሆነ አስቀድሞ ያውቀዋል።

ባግ_ፈላጊዋ፦

ስለ ሶፍትዌር ቴስቲንጉ ማንም ስላላነሳ እኔ ልበል። አይኤስቲኪውቢ ሰርቲፋይድ ቴስተር ፋውንዴሽን ሌቭል ነው የሚባለው፣ ሁለት አመት ሆነኝ ከያዝኩት። በፊት አስተማሪ ነበርኩ 11 አመት።

ይሄን የምጽፈው ላንቺ አሁን ውሰጂ ለማለት ሳይሆን ለጀማሪ የሚለው ቃል ምን ያህል የተለያየ ነገር እንደሚሸፍን እንድታዪ ነው። ሞስ ሶፍትዌር መጠቀም ነው፣ ፒሲኢፒ ሶፍትዌር መጻፍ ነው፣ የኔ ደሞ ሶፍትዌር መፈተሽ ነው። አንድ ሰው ሰርቶ ያመጣውን ፕሮግራም ቦታ ቦታው ላይ እየነካሽ የሚሰበርበትን መፈለግ። ኮድ መጻፍ አይጠይቅም በዚህ ደረጃ፣ ማሰብ ግን ይጠይቃል። ለምሳሌ አንድ ፎርም እድሜ ከ18 እስከ 60 ብቻ ይቀበላል ከተባለ ከ1 እስከ 100 ሁሉን አትሞክሪም፣ 17ን 18ን 60ን 61ን ነው የምትሞክሪው ምክንያቱም ስህተት የሚደበቀው ጠርዝ ጠርዙ ላይ ነው። ይሄን መጀመሪያ ሳነብ የተማሪ ፈተና ሳወጣ የኖርኩበት ነገር መሰለኝ፣ ልጁ የት ጋ እንደሚሳሳት ገምተሽ እዛ ላይ ጥያቄ ማስቀመጥ።

ፈተናው 40 ጥያቄ ምርጫ ነው፣ 60 ደቂቃ፣ 26ቱን ማግኘት አለብሽ ማለትም 65 ፐርሰንት። አሁን ያለው የ2023ቱ ሲላበስ ነው 4.0 የሚባለው፣ ስድስት ምእራፍ አለው አራተኛው ብቻውን 11 ጥያቄ ይይዛል። ሲላበሱም የናሙና ፈተናውም ከራሳቸው ዌብሳይት በነጻ ይወርዳል፣ ለብዙ ሰው ከዛ በላይ አያስፈልግም።

እንግሊዝኛ ቀስ ብዬ ነው ማነበው ስላልሽ ይሄ ይጠቅምሻል፣ ፈተናው የሚሰጥበት ቋንቋ የአፍ መፍቻሽ ካልሆነ 25 ፐርሰንት ተጨማሪ ሰአት ይሰጣል፣ 60ው ደቂቃ 75 ይሆናል። ግን ስትመዘገቢ መጠየቅ አለብሽ። እኔ አብራኝ የተፈተነችው ልጅ ይሄን ሳታውቅ ነው ገብታ 4 ጥያቄ ሳትነካ ሰአቱ ያለቀባት፣ በጣም ነው ያሳዘነችኝ። ሌሎቹም ፈተናዎች ላይ እንዲህ አይነት ነገር ካለ ሳትመዘገቢ በፊት ጠይቂ፣ መብት ነው እንጂ ልመና አይደለም።

ዘግይቶ_ጀማሪ፦

ልጄ እኔ 58 አመቴ ነው። በዚህ አመት አይሲዲኤል ጨረስኩ። የምጽፈውም ሰልፉን አይተሽ ተመለስኩ ስላልሽ ነው እሱ ነገር አስጨነቀኝ።

አይሲዲኤል ማለት አለም አቀፍ የኮምፒውተር መንጃ ፈቃድ እንደ ማለት ነው። ነገሩ የተጀመረው እንደ ፈረንጆቹ በ1988 ፊንላንድ ውስጥ ነው እነሱ ናቸው የኮምፒውተር መንጃ ፈቃድ ብለው ያወጡት፣ ከዛ በ1990ዎቹ አጋማሽ የአውሮፓ ሆነ ኢሲዲኤል ተባለ፣ ከአውሮፓ ውጪ ነው አይሲዲኤል የሚለው ስም የመጣው። ስሙን የወደድኩት ለምን መሰለሽ፣ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው መካኒክ ነው አይባልም መኪና ሰርቷልም አይባልም፣ መንገድ ላይ ቢወጣ ሰው አይገጭም ነው። ይሄም ያው እንደዛ ነው። በሞጁል በሞጁል ነው የሚፈተኑት፣ የኮምፒውተር መሰረታዊ አንድ፣ ኢንተርኔትና ኢሜይል አንድ፣ ጽሁፍ አንድ፣ ስፕሬድሺት አንድ እያለ ይሄዳል። አንዱን አልፈሽ ወደ ሌላው ነው፣ ሁሉንም ባንድ ቀን አይደለም። ለእንደኔ አይነቱ አይኑም ለደከመ ማስታወሱም ላስቸገረው ይሄ ጥሩ ነው።

እኔ ስጀምር ማውዝ መያዝ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቢሮ ውስጥ ፋይል ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ልጆቹን እየለመንኩ ነበር አንድ ደብዳቤ የማስወጣው፣ እነሱ አይሰለቹም ግን እኔ ሰለቸኝ ሰው መለመን። የክፍሌ ልጆች በሙሉ ልጆቼ ይሆናሉ በእድሜ። የመጀመሪያውን ሳምንት ከኋላ ነበር የምቀመጠው፣ ከዛ አስተማሪዋ ስክሪኑ አይታይዎትም ብላ ከፊት አስቀመጠችኝ። ከጎኔ የነበረው ልጅ ጣቱ ኪቦርድ ላይ ሲበር ሳይ እደነግጥ ነበር፣ ግን ያ ልጅ ደብዳቤ ሲጽፍ ለማን እንደሚጻፍ ቀኑ የት እንደሚሆን ግልባጭ ለማን እንደሚሄድ አያውቅም፣ እሱን እኔ ነበርኩ የማሳየው። አንቺም እዛ ብትቀመጪ ስለ ገቢና ወጪ የምታውቂውን ያህል የሚያውቅ አይኖርም። ሂጂና ተመዝገቢ።

ባግ_ፈላጊዋ፦

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እናቴን አስታወሱኝ። ለሷም ይሄን ላነብላት ነው።

ንብረት_ክፍል፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ጋሼ የርስዎን ሶስት ጊዜ ነው ያነበብኩት። የሆነውን ልንገራችሁ።

ሲቪ አንባቢው እንዳልከኝ ሰው ሀይል አስተዳደር ሄጄ ጠየቅኩ። በፈተና የተገኘ መሆን አለበት ኮርስ ጨርሰናል የሚለውን አንቀበልም አሉኝ፣ የትኛው የሚለው ግን ክፍት ነው፣ ወርድና ኤክሴል ከሸፈነ ይበቃል። እንኳን ጠየቅኩ፣ ልመዘገብበት የነበረው ማሰልጠኛ የሚሰጠው የመጨረስ ወረቀት ብቻ ነው።

ከዛ ልምምድ ፈተናውን ሰራሁት። የኤክሴሉ 530። የወርዱ ግን 410 ነው የመጣው፣ የወርዱን ነበር የተማመንኩበት። ምን እንደሆነ ሳየው ርዕስ መሀል ለማምጣት እስካሁን ስፔስ ባር እየተጫንኩ ነበር የምሰራው፣ ስታይል የሚባለውን ነክቼው አላውቅም፣ ለካ ርዕሶቹን በስታይል ካደረግሻቸው ማውጫውን ራሱ ያወጣዋል ገጽ ቁጥሩም ሲቀየር አፕዴት ስታደርጊው ይስተካከላል። ባለፈው አመት የ80 ገጽ ሪፖርት ማውጫ በእጄ ቆጥሬ ስጽፍ ሁለት ቀን ነው ያደርኩበት፣ አንድ ገጽ ሲጨመር ደሞ እንደገና።

ኤክሴሉ ላይ ደሞ ሴል በሴል እንዳለችው ነው። ሴሎችን ለማሳመር ብዬ ሁሌ አዋህዳቸዋለሁ፣ ለዛ ነው ሶርት ሳደርግ እምቢ የሚለኝ የነበረው። 9 አመት ሙሉ ኮምፒውተሩ ነው የተበላሸው ስል ነበር።

ጥያቄዬ አሁን ሁለት ነው። ሁለቱንም ልውሰድ ወይስ ኤክሴሉን ብቻ? እና ማታ ስንት ሰአት ባጠና ይደርስልኛል?

ሴል_በሴል፦

530 ከኔ ይበልጣል እኮ! ኤክሴሉን አስቀድሚ፣ በአራተኛው ሳምንት መጨረሻ ተፈተኚ፣ ብትወድቂ የምትደግሚበት ቀን ይኖርሻል፣ ከዛ የቀረውን ለወርድ። መስፈርቱ ሁለቱንም ካለ ሁለቱንም መያዝሽ የግድ ነው። ማታ አንድ ሰአት ተኩል በቂ ነው ግን በየቀኑ ይሁን፣ ቅዳሜ አምስት ሰአት ከማጥናት የየቀኑ ይሻላል እጅ ነው የሚለመደው። የልምምድ ፋይል አትፈልጊ፣ የራስሽን የወር ሪፖርት ኮፒ አድርጊና እሱ ላይ ስሪ። የተዋሃዱትን ሴሎች ፍቺ፣ ቴብል አድርጊው፣ የእቃ ኮዱን በሌፍት ቁረጪ። ፈተናው ውስጥ ደሞ አንዱ ትእዛዝ ካልገባሽ ምልክት አድርገሽበት እለፊ፣ እኔ አንዷ ላይ 6 ደቂቃ ቆሜ ነበር።

ሲቪ_አንባቢ፦

አንድ ነገር ልጨምር። ሲቪሽ ላይ ሰርተፍኬቱን ብቻውን ከታች አታስቀምጪው። የ9 አመቱን ስራ ጻፊ፣ በወር ስንት መዝገብ እንደምታስገቢ፣ ስንት ገጽ ሪፖርት እንደምታወጪ፣ ከሱ ጎን ሰርተፍኬቱን። ሲያልፉ የሚላክ ዲጂታል ባጅ አለ ሊንኩን አስገቢው፣ ቀጣሪው ከፍቶ እውነተኛ መሆኑን ያያል። ሰርተፍኬቱ ከመድረሱ በፊት ማመልከቻው ከተዘጋ ደሞ የፈተና ቀን መያዝሽን የሚያሳየውን አያይዢ፣ አንዳንድ ቦታ ይቀበላሉ፣ እዛው ሰው ሀይል ጠይቂያቸው።

ንብረት_ክፍል፦

ይሄን የምጽፈው ከ5 ሳምንት በኋላ ነው፣ ውጤት ያልነገርኳችሁ ስራ ስለበዛብኝ ነው ይቅርታ።

ኤክሴሉን አለፍኩ፣ 780። የመጀመሪያው ላይ አይደለም፣ 670 አምጥቼ ወድቄ ነበር፣ ቻርት ላይ ነው የጣለኝ፣ ሰአቱም አልበቃኝም። ሶስት ቀን ቻርት ብቻ ሰርቼ ደገምኩት። ወርዱ የፊታችን ማክሰኞ ነው። ማመልከቻውን አስገብቻለሁ፣ የወርዱን የቀጠሮ ወረቀት አያይዤ፣ ተቀብለውኛል።

የወር ሪፖርቱን እንደተባልኩት በልምምድ ሰበብ አፈራርሼ ሰራሁት። ይሄን ወር ሁለት ቀን የሚፈጀው በአንድ ከሰአት አለቀ። አለቃዬ ቁጥሮቹን በካልኩሌተር ደግማ አረጋገጠች፣ ልክ ነው። አሁን ንብረት ክፍል ያሉት ሁለቱ ልጆች አሳዪን ብለውኝ ምሳ ሰአት ላይ አብረን እየተቀመጥን ነው፣ አንደኛዋ ለፈተናው ልትመዘገብ ትፈልጋለች፣ 41 አመቷ ነው። ልምምድ ፈተናውን ትላንት አስጀመርኳት፣ 390 ሲመጣባት ፊቷ ሲጠቁር አየሁና ይሄን ክር ከፍቼ የሴል በሴልን መልእክት አስነበብኳት።

@ሉፕ_ውስጥ የፓይተኑን አልረሳሁም። ያ የሲስኮው ኮርስ ሲጀመር ላፕቶፕ ላይ የሚጫን ነገር አለው ወይስ ብራውዘር ላይ ይሰራል?

ሉፕ_ውስጥ፦

እንኳን ደስ አለሽ!! ብራውዘር ላይ ነው ምንም መጫን አያስፈልግሽም፣ አካውንት ብቻ ክፈቺ። ማክሰኞን ጨርሺና ጻፊልኝ፣ የመጀመሪያውን ሞጁል አብረን እንሰራዋለን።